እስኪነጋ የማይቆይ ጉዳይ፦ ኩላሊት ስለተተከለላቸው ታካሚዎችና ስለ ሌሊት ተረኛ ነርሶች የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ያነሱት ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሲያድር አጠገቡ ያለችው ነርስ ምን ማድረግ አለባት፣ እርሷስ ሌሊቱን እንዴት ትወጣዋለች የሚል ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አጋዥነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። እዚያ የተተከለላቸውም ሆኑ ሕንድ ወይም ቱርክ ሄደው ታክመው የተመለሱት ኑሯቸው በየከተማቸው ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ቢሠራም ትኩሳቱ የሚነሣው ድሬዳዋ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያገኛቸውም የንቅለ ተከላ ስፔሻሊስት ሳይሆን የውስጥ ደዌ ክፍል ተረኛ ነርስ ናት።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በቅርቡ አዳር ገብቼ ሳለ ከሦስት ዓመት በፊት ኩላሊት የተተከለላቸው አንድ አባት በማስታወክና በድካም ምክንያት ተኝተው ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም ሙቀታቸው 38.1 ሆነ። ለተረኛው ሐኪም ደውዬ ስነግረው «ፓራሲታሞል ስጪያቸው፣ ጠዋት በራውንድ እናያቸዋለን» አለኝ። እንደታዘዝኩት ሰጠሁ፤ ሙቀቱም ወረደ። ሲነጋ ግን የደም ግፊታቸው ወርዶ ተገኘና ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛወሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድነው ወጥተዋል። የንቅለ ተከላ ሕሙማን ክፍል ሠርቼም ሠልጥኜም አላውቅም። እንዲህ ያለ ታካሚ ሌሊት በእጄ ሲወድቅ ከሌሎቹ የተለየ ምን ላድርግ? ሐኪሙ «እስኪነጋ ይቆይ» ሲለኝስ እስከ የት ልሂድ?
ነርስ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚያርፍ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምር። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሙቀቱ 38 ከደረሰ ጉዳዩ በዚያው ሌሊት የሚታይ እንጂ ለጠዋት ራውንድ የሚቆይ አይደለም። ምክንያቱም እነዚህ ታካሚዎች ሰውነታቸው የተሰጣቸውን ኩላሊት እንዳይቃወም ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች፣ ማለትም ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸውን ስለሚቀንሱት ነው። በሌላ ሰው ላይ ብርድ ብርድ እያለ፣ እያንቀጠቀጠ ራሱን የሚገልጥ ኢንፌክሽን በእነርሱ ላይ በትንሽ ሙቀትና በድካም ብቻ ሊታይ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ራሱ ትኩሳትን ይሸፍናል። ከዚህ ላይ ፓራሲታሞል ሲጨመርበት የቀረው ብቸኛ ምልክትም ይጠፋል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ፓራሲታሞል ለእነዚህ ታካሚዎች የተከለከለ መድኃኒት አይደለም፤ ችግሩ ሐኪም ሳያያቸው፣ የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ሳይወሰድና መንስኤው ሳይፈለግ ብቻውን መሰጠቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙን መቀስቀስዎ ትክክል ነበር። «ይቆይ» ሲባሉ ደግሞ የሚቀጥለው በር ክፍት ነው፤ ተረኛው ሐኪም ተለማማጅ ከሆነ ሬዚደንቱ ወይም ሲኒየሩ፣ እነርሱ ካልተገኙ የሌሊት ሱፐርቫይዘሯ ትጠራለች። ማን በስንት ሰዓት እንደተነገረውና ምን እንደመለሰ በቻርቱ ላይ በሰዓቱ ይጻፋል። ይህ ሰውን ለማሳጣት የሚደረግ የሚመስላቸው ባልደረቦች እንዳሉ እናውቃለን፤ ነገር ግን ጠዋት ታካሚውን የምትረከበውን ነርስና የሚያየውን ሐኪም የሚረዳ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም። ከዚህም በላይ ሐኪሞች የሚሰለቹት ብዙ ጊዜ በመቀስቀሳቸው ሳይሆን ለምን እንደተቀሰቀሱ ግልጽ ሳይሆንላቸው ሲቀር ነው። «ዶክተር፣ አባባ ትንሽ አተኮሳቸው» የሚለው ስልክ መልሱን «ፓራሲታሞል ስጪ» ያደርገዋል። እንዲህ ቢባልስ፦ «ዶክተር፣ ከውስጥ ደዌ ክፍል ነው የምደውለው። አልጋ 6 ያሉት ኩላሊት የተተከለላቸው ታካሚ ሙቀታቸው 38.3፣ የልብ ምታቸው 112፣ ግፊታቸው 100 በ60 ነው። 60 ኪሎ ናቸው፤ ባለፉት 4 ሰዓታት የሸኑት 80 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ማታ የታክሮሊመሱን ኪኒን ከዋጡ በኋላ አስታውከዋል። አሁን መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ እስከዚያው የደም ካልቸርና ክሬያቲኒን ናሙና ላዘጋጅ?» በዚህ ስልክ ውስጥ ሐኪሙ እንቅልፍ ቢጫጫነውም የሚያመልጠው ነገር የለም፤ ጥያቄውም አንድና ግልጽ ነው። (ክሬያቲኒን ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው።)

ከላይ የጠቀስነው የሽንት መጠን በዘፈቀደ የገባ አይደለም። በመደበኛው ስሌት አዋቂ ሰው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር ሊሸና ይገባዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በንቅለ ተከላው ማዕከል የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ላይ የምትሠራ ነርስ የሽንቱን መጠን በየሰዓቱ እየለካች፣ በወጣው ልክ ፈሳሽ እየተካች ታድራለች፤ አዲሱ ኩላሊት ወዲያው ከሠራ በቀን ብዙ ሊትር ሊያወጣ ይችላልና። የእርስዎ ታካሚ ዓመታት ያለፉት ነው፤ በየሰዓቱ መለካት ላያስፈልገው ይችላል፤ ሆኖም ሽንቱ በመለኪያ ዕቃ እየተሸና እንዲያድር ማድረግና ሌሊቱን ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ መደመር አስቸጋሪ አይደለም። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ያለው ታካሚ ሽንቱ በድንገት ካቆመ በመጀመሪያ ቱቦው ታጥፎ ወይም ከታካሚው በታች ተጨቁኖ እንደሆነ፣ ደም ረግቶበት እንደሆነ ይታያል፤ ቀጥሎ ግፊቱ ይለካል፤ ወዲያው ሐኪም ይጠራል። የተተከለው ኩላሊት የሚቀመጠው በጀርባ ሳይሆን ከፊት በታችኛው ሆድ በአንድ ጎን ስለሆነ፣ ታካሚው እዚያ ቦታ ላይ ሕመም ካለው፣ ካበጠ ወይም ሲነካ ከቆጠቆጠው፣ ክብደቱ በአንድ ቀን ከጨመረ፣ ግፊቱ ካሻቀበ፣ እኛ በሆስፒታል ቋንቋ ሪጀክሽን የምንለው መቃወም ሊሆን ስለሚችል ይህም ሳይነጋ የሚነገር ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ሰዓት እንምጣ፤ በእኛ አስተያየት የሌሊት ነርስ ከሁሉ በላይ ልትጠነቀቅለት የሚገባው ይህ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሰጣል። ሁለቱም ሰዓቶች የሚውሉት ርክክብ በሚደረግበት አካባቢ ነው። የቀኗ ነርስ «የማታዋ ትሰጠዋለች» ብላ ትወጣለች፤ የማታዋ ደግሞ የገባችው ከአምስት አልጋ አዲስ ትዕዛዝ ጋር ነው፤ ታካሚው ሲጠየቅ «የሆነ ኪኒን ሰጥተውኛል» ይላል። በዚህ መንገድ አንድ መጠን ይዘለላል ወይም በእጥፍ ይሰጣል፤ ሁለቱም ኩላሊቱን ይጎዳሉ። መድኃኒቱ ሲዋጥ ዐይተው ብቻ ይፈርሙ፤ በርክክቡ ላይም «ታክሮሊመስ ስንት ሰዓት ወሰዱ?» የሚለውን ስለዚህ ታካሚ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ያድርጉት። ታካሚው ከዋጠ በኋላ ካስታወከ በራስዎ ውሳኔ አይድገሙ፤ የዋጠበትንና ያስታወከበትን ሰዓት፣ ኪኒኑ ታይቶ እንደሆነም ጽፈው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከውጭ አገር ታክመው የመጡ ሰዎች ይዘውት የሚመጡት መድኃኒት ሌላ ጣጣ አለው። ፕሮግራፍ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን አድቫግራፍ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለቱም ግን ታክሮሊመስ ናቸው። ቻርቱ ላይ «ታክሮሊመስ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ የታካሚውን ማሸጊያ ዐይቶ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ «ያው ነው» ተብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀያየር አይቻልም።

ድሬዳዋ ላይ ሌላም የሚታሰብ አለ። በዚያ ሙቀት ያስታወከ ወይም ያስቀመጠው ሰው ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀ ሰው ኩላሊት ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ተቅማጥ በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ከፍ ሊያደርገውም ይችላል፤ ውኃ ሲሰጡት ብርጭቆው በእጁ የሚንቀጠቀጥበትን ታካሚ ድካም ነው ብለው አይለፉት፣ መጠኑ መብዛቱን ሊያመለክት ይችላልና። ከተማዋ የደንጊና የቺኩንጉንያ ወረርሽኞችን አሳልፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በከተማ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የሚራባው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ ያስከተለው የወባ ወረርሽኝ ነበረባት። ስለዚህ ለትኩሳት ከሚደረገው ምርመራ ጋር የወባ ምርመራ አብሮ ይታዘዝ እንደሆነ ሐኪሙን ያስታውሱት፤ በክፍሉ ውስጥ በበርሜል የሚቀመጥ ውኃ ካለም ክዳኑን ይዩት። ሕመም በዛብኝ ለሚልዎ ታካሚ ደግሞ ዳይክሎፌናክ መርፌ ወይም አይቡፕሮፌን በልማድ እንዳይሰጡ አደራ እንላለን። የተተከለ ኩላሊት ለእነዚህ መድኃኒቶች አቅም የለውም፤ ትኩሳቱ ደንጊ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ የመድማት አደጋ ይጨምራሉ። ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው በኃይል ያወርደዋል። ከእነዚህ አንዱ ሌሊት ሲታዘዝ «ዶክተር፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ናቸው፣ ታክሮሊመስ ይወስዳሉ» ብሎ ማስታወስ ድፍረት አይደለም። በመጨረሻም ቀድሞ ለኩላሊት እጥበት የተሠራ ፊስቱላ (የደም ሥሮች መጋጠሚያ) ያለበትን ክንድ ግፊት ለመለካትም ደም ለመቅዳትም አይንኩት።

ጥያቄ፦ ሐረር በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ወንድ ነርስ ነኝ (ታካሚዎች ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ፤ ማስተካከሉን ትቼዋለሁ)። በወር ብዙ አዳር ይደርሰኛል። አዳር ስገባ ከሰዓት በርጫ ላይ ካልዋልኩ ዐይኔ አይገለጥም፤ ቅሜ ስገባ ደግሞ እስከ ንጋት ንቁ ነኝ፣ ሥራዬንም በትጋት ነው የምሠራው። ባለቤቴ ግን «ራስህን እየገደልክ ነው» ትለኛለች። ቀን ደግሞ እንቅልፍ የሚባል አልወስድም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከሐረር

መልስ፦ ወንድማችን፣ አወዳይ በቅርብ እያለች ስለ ጫት ምክር መስጠት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ጫት በአካባቢያችሁ የእንግዳ ማስተናገጃም፣ የጉርብትናም፣ የጸሎት ማጀቢያም ነው። እኛ የምንናገረው ስለ አዳር ሥራ ብቻ ነው። የጫቱ ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ እንቅልፍን ያባርራል። እንቅልፍን ማባረርና ማስተዋልን መጨመር ግን አንድ አይደሉም። ምርቃና ላይ ያለ ሰው አንድ ነገር ላይ ይተክላል፤ ፋይሉን በሚያምር ጽሑፍ ሲያሟላ የጎን አልጋው ታካሚ ሽንት ከ4 ሰዓት በፊት መቆሙ ሊያልፈው ይችላል። ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን እንደጻፍነው ለንቅለ ተከላ ታካሚ አደጋው የሚመጣው በትናንሽ ለውጥ ነው፤ እነዚያን ለማየት የሚያስፈልገው ዙሪያውን የሚቃኝ ረጋ ያለ ዐይን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምርቃናው የሚወርድበት ሰዓት ነው። ከሰዓት የተቃመ ጫት ኃይሉ እየቀነሰ ሲመጣ ድብርቱ የሚገጥመው፣ በሰው ሁሉ ላይ ንቃት በተፈጥሮ ከሚወርድበት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ካለው ጊዜ ጋር ነው። የጠዋቱ ናሙና መውሰድና የመድኃኒት ዝግጅት የሚጀመረው ከዚያ ቀጥሎ መሆኑን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ከአዳር በኋላ በጨብሲ፣ ማለትም በመጠጥ፣ መስበር ከተለመደ ደግሞ ችግሩ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

በአንድ ቀን ይተዉት አንልዎትም፤ ለዓመታት የቃመ ሰው በድንገት ሲያቆም ሀራራው፣ ድካሙና ቅዠቱ ስለሚያስቸግረው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከአዳር ውጪ በሆነ ሳምንት ቢያደርጉት ይሻላል። በምትኩ ከአዳር በፊት ከሰዓት በርጫ የሚቀመጡበትን ጊዜ ለእንቅልፍ ያውሉት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያገኙ እንኳ ለሌሊቱ የሚሰጠው ጉልበት ብዙ ነው። ቡና ይጠጡ፤ ነገር ግን በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ ይሁን እንጂ ንጋት ላይ አይሁን። ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በ11 ሰዓት ሌሊት የጠጡት ስኒ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አልጋዎ ውስጥ ያገኝዎታል። ባልደረባ ካለ ተራ ተራ እየተጠባበቃችሁ ለ20 ደቂቃ ጋደም ማለት ከሱፐርቫይዘር ጋር ተነጋግራችሁ ልትፈቅዱት የሚገባ ነገር ነው፤ እያንቀላፉ መቀመጥን «ነቅቶ ማደር» ብሎ መቁጠር የትም አያደርስም።

የቀን እንቅልፍን በተመለከተ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ በቀጥታ ወደ ቤት ይሂዱ፤ የጠዋት ፀሐይ ሰውነትን «ነግቷል» ብሎ ስለሚቀሰቅሰው በመንገድ ላይ ኮፍያ ወይም ጥቁር መነጽር ይረዳል። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ስልኩን ያጥፉ፤ ለቤተሰብ የሚተኙበትን ሰዓት ወስነው ይንገሯቸው፤ ጎረቤት ለቡና ሲጠራ ባለቤትዎ «አዳር ነው የመጣው» እንድትል ይስማሙ። (የድሬዳዋ ተረኞች በዚህ ያድላቸዋል፤ ከተማው ራሱ እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ዘግቶ ስለሚያርፍ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጸጥታ በነጻ ያገኙታል።) አዳሮቹ ተከታታይ ከሆኑ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ እንዳይሆኑና ከዚያ በኋላ የዕረፍት ቀን እንዲኖር የተረኝነት ፕሮግራሙን ከሚያወጣው ኃላፊ ጋር በጽሑፍ ይነጋገሩ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ሥራን ካንሰርን ሳያመጡ አይቀሩም በተባሉት ምድብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን በ2019ም አጽንቶታል፤ ስለዚህ የዕረፍት ጥያቄዎ የስንፍና ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ባለቤትዎም እውነታቸውን ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ ኩላሊት ደክሞ እህቱ ሰጠችው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዓመት ሆነው። በቅርቡ አሞት ሆስፒታል ስንተኛ የሌሊቷ ሲስተር ሳይነጋ መጥታ ደም ቀዳችውና «የጠዋቱን መድኃኒት እንዳትሰጪው፣ እኔ እስክነግርሽ ጠብቂ» አለችኝ። መድኃኒቱ ሰዓቱን እንዳያልፍ ስንጠነቀቅ ኖረን እርሷ ከለከለችን። ሊጠይቁት የመጡትንም ዘመዶች ከበር መለሰች፤ ከባቢሌ ያመጡለትን የግመል ወተት እንኳ አላስገባችም። ጥላቻ ነው ወይስ ሕክምና ነው? ደግሞስ ረመዳን ሲመጣ መጾም ይችላል?
እናት፣ ከሐረር

መልስ፦ እናታችን፣ ሲስተሯ ያደረገችው ሕክምና ነው። በልጅዎ ደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን የሚለካው የሚቀጥለው መድኃኒት ከመወሰዱ በፊት፣ ያለፈው ከተወሰደ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ነው። መድኃኒቱ ተውጦ ከተቀዳ መጠኑ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ሐኪሙ ሳያስፈልግ ሊቀንሰው ይችላል፤ ከቀነሰው ደግሞ ኩላሊቱ በሰውነት ተቃውሞ ሊጠቃ ይችላል። ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው ትንሽ ቱቦ ውስጥ ተቀድቶ ያለፈው መድኃኒት የተወሰደበትና ናሙናው የተቀዳበት ሰዓት ይጻፍበታል፤ በተለይ ናሙናው ለምርመራ ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ ከሆነ ያ ጽሑፍ ከሌለ የሚመጣው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም። ደሙ ከተቀዳ በኋላ መድኃኒቱ ወዲያው ይሰጣል እንጂ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ አይቆይም፤ ሲስተሯ መጥታ ካልነገረችዎት ሄደው ይጠይቋት። እርሷም ምክንያቱን በሁለት ቃል ብታስረዳዎት ኖሮ እርስዎም በዚያ ሌሊት ባልከፋዎት ነበር፤ ይህን ለነርሶቹ አንባቢዎቻችን እንላለን።

ጠያቂ መብዛት በእኛ አገር የፍቅር መግለጫ ነው፤ ለልጅዎ ግን የአንድ ሰው ጉንፋን እንኳ ይከብደዋል። አንድ ጤነኛ አስታማሚ፣ እጅዋን እየታጠበች፣ ይበቃዋል፤ ሌሎቹ ሲሻለው ቤት ይጠይቁታል። የግመል ወተቱ ካልፈላ በብሩሴሎሲስና በሌሎች ጀርሞች ሊበክለው ስለሚችል ጥሬውን አይጠጣ፤ ሌላ ጥሬ ወተትና ጥሬ ሥጋም እንዲሁ። አፍልተው ቢያመጡለት ሲስተሯ የምትከለክልበት ምክንያት አይኖርም። ከቤት የሚመጣ የባህል መድኃኒት ካለ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ምን እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ ይቅር።

ጾሙን በተመለከተ፣ ከንጋት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ከ13 ሰዓት በላይ ስለሚሆን የ12 ሰዓቱ ልክ ይዛባል፤ ውኃ ሳይጠጡ መዋልም ለተተከለ ኩላሊት ከባድ ነው። ዓመት ብቻ የሆነውና በቅርቡ የታመመ ሰው ስለሆነ የሚከታተሉት የኩላሊት ሐኪም ሳይፈቅዱለት አይጹም፤ ጥያቄውንም ረመዳን ሲገባ ሳይሆን ወራት ቀድመው ያንሡት። ለሕመምተኛ ያለውን ፈቃድ ደግሞ ሼኻችሁ ያስረዷችኋል።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ድሬዳዋ በግል ሆስፒታል በነርስነት እሠራለሁ። አሁንም የሌሊት ተረኝነት ላይ ነኝ። የንቅለ ተከላ ታካሚዎች መድኃኒት ለጽንስ አደገኛ ነው ይባላል። እውነት ነው?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። ማይኮፌኖሌት ጽንስን እንደሚጎዳ በእርግጠኝነት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ለዚህም ነው የተተከለላቸው ሴቶች ማርገዝ ሲፈልጉ መድኃኒቱን አስቀድመው በሐኪም የሚቀይሩት። ኪኒኑን በማሸጊያው እንዳለ ወደ ጽዋ አውጥቶ መስጠት ችግር የለውም፤ ነገር ግን ኪኒኑን መፍጨት፣ ካፕሱሉን መክፈት፣ ፈሳሹን ማዘጋጀት እርጉዝ የሆነች ነርስ ሥራ መሆን የለበትም። የፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ ቫልጋንሳይክሎቪርም እንደዚሁ ነው። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ታካሚ ካለ ይህን ባልደረባዎ ይሥራልዎት፤ የፈሰሰ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ቢያጋጥምዎ በጓንት ነው የሚጸዳው። ጽንስን ሊጎዳ የሚችለው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ በእነዚህ ታካሚዎች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ሽንትና ምራቅ ከነኩ በኋላ እጅዎን በደንብ ይታጠቡ፤ ከታካሚዎቹ መሸሽ ግን አያስፈልግዎትም።

የሌሊቱን ነገር በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የግል ሆስፒታል ተቀጣሪ ስለሆኑ የሚመለከትዎት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራትም ሆነ ትርፍ ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። እርግዝናዎን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ከማመልከቻ ጋር አያይዘው ለሰው ሀብት ክፍል ያስገቡ፤ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ በእጅዎ ይያዙ። የዚህ ወር ፕሮግራም አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነም ማመልከቻውን ዛሬ ያስገቡ፤ ፕሮግራም ይቀየራል።